ኮምፒዩተሩን ሌሊት ማን አበራው?

ኮምፒዩተር በገባበት ቤት አንድ ቀን ሊነሣ የሚችል ጥያቄ አለ። ማታ የተዘጋው ኮምፒዩተር ከሌሊቱ 8 ወይም 9 ሰዓት ላይ በርቶ ይገኛል። በዝምታው መካከል የማራገቢያው ድምፅ ይሰማል፤ የሳሎኑ ግድግዳ በስክሪኑ ብርሃን ይደምቃል። እናት ከመኝታዋ ተነሥታ ስትወጣ ወንበሩ ላይ የተቀመጠ ሰው የለም። ሲነጋ «ማን ነው የነካው?» የሚል ምርመራ ይከፈታል።

ጉዳዩን በዚህ ዓምድ እንድናነሣ ያደረገን ምርመራው ከሰው መጀመሩ ነው። የመጀመሪያው ተጠርጣሪ ጎረምሳው ልጅ ነው፤ ፊልም ሲያይ አድሮ ይሆናል ይባላል። ልጁ አልነካሁም ካለ ጥርጣሬው ሳሎን አጠገብ ወደምታድረው የቤት ሠራተኛ ይዞራል። እርሷም «እኔ ማብራቱንም አላውቅበት» ብትል የሚያምናት አታገኝም። ከዚያን ቀን ጀምሮ በዓይን ትጠበቃለች፤ ሌላ ዕቃ በጠፋ ቁጥርም ስሟ ይነሣል። በዚህ ዓይነት ነገር ደመወዟ ተሰጥቷት የምትሰናበትም አትጠፋም። ከሄደች በኋላ ኮምፒዩተሩ እንደገና ሲበራ ደግሞ ቤቱ ውስጥ አንድ ነገር ገብቷል፣ ጸበል ይረጭበት የሚል ይመጣል። የሰውን እምነት መንካት የዚህ ዓምድ ተግባር አይደለም፤ ሆኖም ኮረንቲ በተያያዘበት ዕቃ ላይ ማናቸውንም ውኃ መርጨት አደገኛ መሆኑን ሳናስገነዝብ ማለፍ አንችልም።

እርስዎ ግን ከማንም ሰው በፊት ሊጠይቁት የሚገባ ምስክር እዚያው ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል። ኮምፒዩተር መቼ ሥራውን እንዳቆመና መቼ እንደጀመረ፣ አንዳንድ ጊዜም ምን እንደቀሰቀሰው መዝግቦ ያስቀምጣል። መዝገቡን ለማንበብ መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም።

ወደ መዝገቡ ከመሄዳችን በፊት «ተዘግቷል» የምንለው ነገር ምን ማለት እንደሆነ እንረዳ። በቀድሞዎቹ የቤት ኮምፒዩተሮች ላይ የነበረው ማብሪያ እንደ አምፑል ማብሪያ ያለ ነበር፤ ሲጠፋ ወደ ማሽኑ የሚገባውን ኮረንቲ ጨርሶ ይቆርጠዋል። እ.ኤ.አ. በ1995 ኢንቴል የተባለው ኩባንያ ኤ.ቲ.ኤክስ. የተሰኘውን የአሠራር ደንብ ካወጣ ወዲህ ግን ነገሩ ተለውጧል። በዚህ ደንብ መሠረት የተሠራ የጠረጴዛ ኮምፒዩተር ቢዘጋም እንኳ ሶኬት ላይ እስካለ ድረስ 5 ቮልት የሆነች አነስተኛ ኮረንቲ ወደ ዋናው ሰሌዳው ዘወትር ትደርሳለች። ከፊት ለፊት ያለው ቁልፍም ኮረንቲ አይቆርጥም፤ ለሰሌዳው «ተነሣ» የሚል ምልክት ብቻ ይሰጣል። እንግዲህ ይህንኑ ምልክት ከሰው ጣት ሌላ የሚሰጠው ነገርም ይኖራል፤ በውስጡ ያለው ሰዓት፣ የኔትወርኩ ሽቦ፣ ማውሱ፣ ኪቦርዱ፣ ወይም ሄዶ የተመለሰ መብራት። የተዘጋ ኮምፒዩተር ዘበኛው በር ሥር ያንቀላፋበትን ግቢ ይመስላል። እንዲከፍትለት የታዘዘለት እንግዳ ካንኳኳ ተነሥቶ ይከፍታል፤ ትእዛዙን የሰጠው ማን እንደሆነ ግን የቤቱ ሰው ላያውቅ ይችላል።

አሁን ወደ መዝገቡ እንሂድ። ዊንዶውስ በተጫነበት ኮምፒዩተር ላይ የመፈለጊያውን ሳጥን ከፍተው «ኢቨንት ቪወር» የሚለውን ስም በእንግሊዝኛ ፊደል ይጻፉ። በሚከፈተው መስኮት በስተግራ «ዊንዶውስ ሎግስ» የሚለውን፣ ከሥሩም «ሲስተም» የሚለውን ይጫኑ። ቀንና ሰዓት፣ የምንጭ ስምና ቁጥር የያዙ ብዙ ረድፎች ይታያሉ። ብዛታቸው አያስደንግጥዎ፤ በጤነኛ ማሽን ላይም ቀይ ምልክት ያላቸው ረድፎች አይጠፉም። እርስዎ የሚፈልጉት ክፍተቱን ነው። ማታ ኮምፒዩተሩ ሲዘጋ ረድፎቹ ያቆማሉ፤ ባዶ ጊዜ ይከተላል፤ ቀጥሎ በአንድና በሁለት ደቂቃ ውስጥ በርካታ ረድፎች ይጎርፋሉ። ያ ደቂቃ ኮምፒዩተሩ የበራበት ነው፤ በወረቀት ይጻፉት።

እዚህ ላይ ከሁሉ የበለጠ ጥንቃቄ የሚያሻው ነገር ሰዓቱ ነው። ማሽኑ ቀኑን የሚጀምረው ከእኩለ ሌሊት ነው እንጂ እንደ እኛ ከማለዳ አይደለም። መዝገቡ ላይ 2፡10 ከጎኑም «ኤ.ኤም.» ተብሎ ቢገኝ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ከ10 ማለት ነው። ይህን ያልተገነዘበች እናት ከጧቱ 2 ሰዓት ከ10 ብላ ልታነብ ትችላለች፤ በዚያ ሰዓት ደግሞ እርሷ ሥራ ገብታለች፣ ልጆቹም ትምህርት ቤት ናቸው፤ ቤት የቀረችው ሠራተኛዋ ብቻ ናት። እንግዲህ ምስክሩን ጠይቃ ቃሉን ግን ገልብጣ ሰማች ማለት ነው። ስለዚህ የማሽኑ ሰዓት ላይ 6 ደምረው ያንብቡ፤ ድምሩ ከ12 ካለፈ 12 ይቀንሱለት። ከዚህም ሌላ በኮምፒዩተሩ ማዕዘን ላይ የሚታየው ሰዓት ከእጅዎ ሰዓት ጋር መስማማቱን ያረጋግጡ። ዊንዶውስ ሲጫን የአሜሪካን የምዕራብ ጠረፍ ሰዓት እንደያዘ የቀረ ማሽን ከእኛ በ10 ወይም በ11 ሰዓት ይዘገያል። በዝርዝሩ ውስጥ «ናይሮቢ» የሚለውን ቢመርጡ የእኛም ሰዓት እርሱው ነው።

ከረድፎቹ መካከል ቁጥር 41 ወይም 6008 ካገኙ ማሽኑ በሥርዓት ሳይዘጋ ድንገት ጠፍቶ ነበር ማለት ነው፤ ይህም አንዱ ምክንያት የመብራት መቋረጥ ነው። «ፓወር ትራብልሹተር» ከሚባለው ምንጭ የመጣ ቁጥር 1 ካገኙ ደግሞ ከእንቅልፍ መነሣቱን ይነግርዎታል። ይህን ረድፍ ከፍተው መጨረሻውን ቢያነቡ «ዌክ ሶርስ» በሚለው ትይዩ የቀሰቀሰው ነገር ተጽፎ ሊገኝ ይችላል። ታይመር ከሆነ ሰዓቱ ነው፤ የኔትወርክ ካርድ ወይም ዩ.ኤስ.ቢ. ሊልም ይችላል። አንዳንዴ «አልታወቀም» ብሎ ያልፋል። «ፓወር በተን» ካለ የማብሪያው ቁልፍ ነው፤ ሆኖም በዚህ ብቻ ሰው ነክቶታል ብሎ መፍረድ አይቻልም፤ ለምን እንደሆነ ወደ ኋላ እናየዋለን።

በከተሞቻችን አስቀድሞ ሊጠረጠር የሚገባው መብራት ነው ብለን እናምናለን። በእያንዳንዱ ዋና ሰሌዳ ላይ «ባዮስ» የሚባል፣ ከዊንዶውስ በፊት የሚነሣ የማስተካከያ ፕሮግራም አለ። ብዙዎቹ በውስጡ አንድ ጥያቄ ተጽፎባቸዋል፤ ኮረንቲ ጠፍቶ ሲመለስ ምን ይደረግ? መልሶቹ ሦስት ናቸው፤ እንደጠፋ ይቆይ፣ ይብራ፣ ወይም ቀድሞ ወደነበረበት ይመለስ። መልሱ «ይብራ» ተብሎ ከሆነ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ሄዶ 9 ሰዓት ላይ የመጣ መብራት ኮምፒዩተሩን ያስነሣዋል። ቤተሰቡ ተኝቶ ስለነበር መብራት መጥፋቱን እንኳ አላወቀም፤ ያወቀው ኮምፒዩተሩ መብራቱን ብቻ ነው። ሦስተኛውም መልስ ቢሆን ተንኮል አለው። ልጁ ኮምፒዩተሩን ሳይዘጋ አስተኝቶት ከሆነ ማሽኑ «በርቼ ነበር» ብሎ ያስባል፤ መብራት ሲመለስም ሊነሣ ይችላል። ይህ ምርጫ የተሠራው በአንዳንድ መሥሪያ ቤት ሌሊት ከቀን መሥራት ላለባቸው ማሽኖች ነው፤ ለመኖሪያ ቤት ግን ጥቅሙ አይታየንም።

ጥርጣሬውን ለማረጋገጥ ሌሊት መጠበቅ የለብዎትም። ቀን ላይ ኮምፒዩተሩን በሥርዓት ይዝጉት፤ ጨርሶ መጥፋቱን ካዩ በኋላ ሶኬቱን ይንቀሉ፤ አንድ ደቂቃ ያህል ቆይተው መልሰው ይሰኩት። ቁልፉን ሳይነኩት ከተነሣ መልሱን አገኙ። ልጅዎንና ሠራተኛዎን ጠርተው ፊታቸው ቢያደርጉት ደግሞ የተሻለ ነው።

ማስተካከያው እንዲህ ነው። ኮምፒዩተሩ መነሣት እንደጀመረ በዴል ላይ ኤፍ 2፣ በኤች.ፒ. ላይ ኤፍ 10 የሚለውን ቁልፍ ደጋግመው ይጫኑ፤ በሌሎች ብዙ ሰሌዳዎች ላይ ደግሞ «ዲሊት» የሚለው ነው። በዴል «ኤሲ ሪከቨሪ»፣ በኤች.ፒ. «አፍተር ፓወር ሎስ»፣ በጊጋባይት «ኤሲ ባክ» የሚል ስም ይፈልጉ፤ መልሱን «ኦፍ» አድርገው አስቀምጠው ይውጡ። ሌላውን ሁሉ አይንኩ።

ኮምፒዩተሩ የሚበራው ሁልጊዜ በአንድ ሰዓት ከሆነ ደግሞ የሰዓት ትእዛዝ አለ። ዊንዶውስ 10 ራሱን የሚያጸዳበትና የሚጠግንበት ጊዜ አስቀድሞ የተወሰነው ማሽኑ 2 ሰዓት በሚለው ላይ ነው፤ በእኛ ከሌሊቱ 8 ሰዓት መሆኑ ነው። ኮምፒዩተሩ ተኝቶ ከሆነና ፈቃድ ካለው ለዚሁ ሥራ ሊነሣ ይችላል። በ«ኮንትሮል ፓነል» ውስጥ «አውቶማቲክ ሜንተናንስ» በሚለው ሥር ያለውን የመቀስቀሻ ፈቃድ ምልክት ያንሡ፤ በ«ፓወር ኦፕሽንስ» ውስጥም «አላው ዌክ ታይመርስ» የሚለውን ይዝጉ።

ያገለገለ ኮምፒዩተር ለገዙ ቤተሰቦች አንድ ተጨማሪ ነገር እንንገራችሁ። በገበያ ላይ ከሚሸጡት ዴሎችና ኤች.ፒዎች ውስጥ በውጭ አገር መሥሪያ ቤቶች አገልግለው የመጡ አሉ። በአንዳንድ የዴል ማሽኖች ባዮስ ውስጥ «ኦቶ ኦን ታይም» የሚባል አለ፤ በየቀኑ ወይም በሥራ ቀናት ብቻ በተወሰነ ሰዓት ተነሣ የሚል ትእዛዝ ይቀበላል። የቀድሞው መሥሪያ ቤት ሠራተኞች ከመግባታቸው በፊት እንዲበራ አዝዞት ከነበረና ሲሸጥ ትእዛዙን ያነሣለት ከሌለ ማሽኑ በእርስዎም ሳሎን ለዚያ ቢሮ መነሣቱን ይቀጥላል። ቅዳሜና እሑድ የማይበራ፣ ከሰኞ እስከ ዓርብ ግን የሚበራ ኮምፒዩተር ካለዎት ወደዚያ ይመልከቱ።

ሰዓቱ ዝብርቅርቅ ያለ ከሆነ ማውሱን ይጠርጥሩ። ማውስ የተኛ ኮምፒዩተርን የመቀስቀስ ፈቃድ ሊኖረው ይችላል፤ ጠረጴዛው የሚነቃነቅ ከሆነ ከባድ መኪና ባለፈ ቁጥር ወይም ድመት በዘለለች ጊዜ ይቀሰቅሰዋል። ማውሱን ለጥቂት ሌሊት ገልብጦ በጀርባው ማሳደር ቀላሉ ፈተና ነው፤ ነቅሎ ማሳደር ደግሞ የሚያስተማምነው። ፈቃዱን ለመንሣት «ዲቫይስ ማኔጀር» ውስጥ ማውሱን ከፍተው «ፓወር ማኔጅመንት» ከሚለው ገጽ ላይ የመቀስቀሻውን ምልክት ያንሡ።

የኔትወርኩ ጉዳይ ይበልጥ የሚመለከተው በቢሮ የምትሠሩትን ነው። «ዌክ ኦን ላን» በሚባለው አሠራር የኮምፒዩተር ክፍል ባለሙያ ከወንበሩ ሳይነሣ በኔትወርክ ሽቦ አንዲት መልእክት ልኮ የተዘጋውን ማሽን ያስነሣል፤ ፕሮግራም ለማደስም ይጠቀምበታል። ጧት ስትገቡ ኮምፒዩተራችሁን በርቶ ካገኛችሁት ማታ ቢሮውን ያጸዳችውን ሠራተኛ ከመጠርጠራችሁ በፊት የኮምፒዩተር ክፍሉን ጠይቁ።

ላፕቶፕ ላይ ረጅም ሐተታ አያስፈልግም። አንዳንዱ ክዳኑ ሲከፈት ብቻ ይነሣል፤ እ.ኤ.አ. ከ2016 ወዲህ የመጡ ብዙ ማክቡኮችም እንዲሁ ናቸው። ዋናው ማስጠንቀቂያ ተኝቶ በቦርሳ የገባ ላፕቶፕ እዚያው ነቅቶ ሊግል ስለሚችል ከመንገድ በፊት ጨርሶ ይዘጋ የሚለው ነው።

«ጨርሶ መዝጋት» ስንልም አንድ ምስጢር አለው። እ.ኤ.አ. በ2012 ከወጣው ከዊንዶውስ 8 ጀምሮ «ፋስት ስታርታፕ» የሚባል አሠራር ገብቷል፤ ማሽኑ ሲዘጋ ከፊሉን ነገር ዲስኩ ላይ አስቀምጦ ስለሚያድር ጧት ቶሎ ይነሣል። ሙሉ በሙሉ እንዲዘጋ ከፈለጉ «ሺፍት» የሚለውን ቁልፍ ይዘው «ሻት ዳውን» የሚለውን ይጫኑ። በዚህ ሁኔታ ተዘግቶም ሌሊት ከተነሣ ጉዳዩ ከዊንዶውስ ሰዓት የመጣ መሆኑ ያጠራጥራል፤ ወደ ባዮሱ፣ ወደ መብራቱ፣ ወይም ወደ ማሽኑ አካል ይመልከቱ።

ይህን ሁሉ የምንለው ስለ ጥርጣሬ ብቻ አይደለም፤ የእሳት ነገርም አለበት። በብዙ ቤት ኮምፒዩተሩ ከአቧራ እንዲጠበቅ በዳንቴል ወይም በፕላስቲክ ሽፋን ይሸፈናል። ዳንቴሉ ያማረ ነው፤ ነገር ግን ሌሊት በራሱ የተነሣ ማሽን ትኩስ አየሩን የሚያወጣበት ቀዳዳ በሽፋኑ ይደፈንበታል። ስለዚህ ሽፋኑ የሚለብሰው ከሶኬት የተነቀለ ማሽን ብቻ ይሁን። መብራት ሲመለስ ኃይሉ ከፍና ዝቅ እንደሚል ስለምታውቁ ፍሪጅ ትነቅላላችሁ፤ ለኮምፒዩተሩም ይኸው ይደረግለት። እንጀራ የሚጋገርበት ምጣድ በተሰካበት ማከፋፈያ ላይ ኮምፒዩተር አይሰካ፤ ምጣድ የሚስበው ኮረንቲ እጅግ ብዙ ነው። ሌሊት በርቶ ያገኙትን ኮምፒዩተር በሥርዓት ይዝጉት እንጂ ሽቦውን መንጭቀው አይንቀሉ፤ ዲስኩ ላይ እየጻፈ ከሆነ የተጻፈው ሊበላሽ ይችላል። የሚቃጠል ሽታ ወይም ጢስ ካለ ግን ማሽኑን ሳይነኩ ኮረንቲውን ከቆጣሪው ዘንድ ያጥፉ።

ማሽኑን ሁልጊዜ ነቅለው ለሚያሳድሩ አንድ ማሳሰቢያ እንጨምር። ኮረንቲ በሌለበት ጊዜ የማሽኑን ሰዓት የሚያስኬደው ዋናው ሰሌዳ ላይ ያለ ሳንቲም የሚመስል የ3 ቮልት ባትሪ ነው፤ ብዙ ጊዜ ቁጥሩ ሲ.አር. 2032 ይባላል። ይህ ባትሪ ሲደክም ኮምፒዩተሩ ዓመተ ምሕረቱን ወደ ኋላ ይመልሳል፤ በብዙ ማሽኖች ላይ የባዮሱ ማስተካከያም አብሮ ይረሳል። «ኦፍ» ያደረጉት መልስ ከሳምንታት በኋላ ተመልሶ «ይብራ» ሆኖ ካገኙት ልጁን ከመጠርጠርዎ በፊት ባትሪውን ይጠርጥሩ።

ወደ ጥገና ቤት ሲሄዱም ጥቂት ይጠንቀቁ። ለሁሉም በሽታ «ፎርማት ይደረግ» የሚሉ አሉ። ፎርማት ማድረግ የቤተሰቡን ፎቶግራፍና የልጆቹን የትምህርት ሥራ ሊያጠፋ ይችላል፤ በባዮስ ውስጥ ያለውን የመብራት መልስ ግን አይለውጠውም፤ የተቀረቀረ ቁልፍም አያላቅቅም። ከፍለው ተመልሰው በሦስተኛው ሌሊት ኮምፒዩተሩ ቢበራ ሊያስደንቅዎ አይገባም።

ስለ ቁልፉ ወደ ኋላ እናየዋለን ብለን ነበር። የማብሪያው ቁልፍ በአቧራ ወይም በፈሰሰበት ሻይ ከተጣበቀ፣ ወይም ውስጡ ካረጀ፣ ማንም ሳይጫነው እንደተጫነ ያህል ምልክት ይሰጣል፤ መዝገቡም «ፓወር በተን» ብሎ ይጽፋል። መለያው ቀላል ነው። ቁልፉን በጣትዎ ሲጫኑት ተመልሶ የሚዘልል መሆኑን ይዩ፤ ወደ ውስጥ ሰምጦ የሚቀር ከሆነ ታውቋል። ካልሆነም ባለሙያው ከፊት ሰሌዳው ወደ ዋናው ሰሌዳ የምትሄደውን የቁልፉን ቀጭን ሽቦ ነቅሎ ማሽኑን ሶኬት ላይ ሊያሳድረው ይችላል። ያን ሌሊት ካልተነሣ ቁልፉ ይለወጣል። ሽቦዋ ተነቅላም ከተነሣ የኃይል ሳጥኑ ወይም ዋናው ሰሌዳ ታምሟልና ምርመራው ከዚያ ይቀጥላል። ወደ ባለሙያው ሲሄዱ የበራባቸውን ቀናትና ሰዓታት የጻፉበትን ወረቀት ይዘው ይሂዱ፤ ሰዓቱ በእኛ አቆጣጠር ይሁን በማሽኑ ራስጌው ላይ ይጻፉበት።